የጎሬ ግቢ ይፍረስ የሚሉት ማንን ነው ከክስ የሚያድኑት?

የኢሉባቦር ታሪክ በተነሣ ቁጥር ሁለት ወገን ይሰለፋል። አንደኛው «የራስ ተሰማ ግቢ የነፍጠኛ ቤት ነው፤ ቢፈርስ ምን ይጎድላል?» ይላል። ሌላው «የባለሙሉ እንደራሴው መቀመጫ፣ አዲስ አበባ በተያዘች ጊዜ የነጻነት መንግሥት የቆመበት ከተማ ነው፤ ለክብሩ ይታደስ» ብሎ ይመልሳል። ስድቡ ይቀጥላል፤ ሁለቱም ደክሟቸው ይተኛሉ። ጎሬ ላይ ግን ዝናቡ አይተኛም። ከአገሪቱ ብዙ ዝናብ ከሚያገኙ ቦታዎች አንዱ ነውና፣ ከአሮጌው ግቢ የተረፈውን ማንም ሳይፈርድበት ራሱ ይጨርሰዋል።

ሁለቱ ወገኖች በሁሉም ነገር የሚጣሉ ይመስላል። በአንድ ነገር ግን ሳያውቁት ይስማማሉ፤ ግቢው የተሰማ ናደው ቤተሰብ ብቻ ነው በሚለው። አንዱ ስለዚህ ይጠላዋል፣ ሌላው ስለዚህ ይወደዋል። ስሕተቱ የሚጀምረውም እዚሁ ላይ ነው።

መነሻውን ማስታወስ ያስፈልጋል። ጎሬ ከመቱ በስተደቡብ 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቃ፣ ከባሕር ወለል በላይ 2000 ሜትር አልፋ በኮረብታ ላይ የተቀመጠች ከተማ ናት። አገሩ ተሰማ ከመምጣታቸው በፊት ባለቤት ነበረው። «ኢሉባቦር» የሚለው ስም ራሱ የኢሉንና የአባ ቦርን ስም የያዘ ነው። ከሸዋ ሠራዊት በፊት አካባቢውን ይገዛ የነበረው ስመ ጥሩ ጌታ ጫሊ ሾኖ፣ አባ ቦር በሚለው ስም ይታወቃል። ዛሬ በመቱ መሥሪያ ቤቶች በር ላይ የዞኑን ስም የሚያነብ ሰው ሁሉ፣ ልብ ባይለውም፣ የአንድ የተሸነፈ ቤት ስም እያነበበ ነው።

ከእንባቦ ጦርነት በኋላ፣ ማለት ከ1874 ወዲህ ባሉት ዓመታት፣ ምዕራቡ በየተራ ወደ ምኒልክ ግዛት ገባ። ኢሉባቦር የደረሰው ለደጃዝማች ናደው አባ ባሕር ልጅ ለተሰማ ነው። በ1889 በዚያ በኩል ወደ ባሮ የተጓዘው ሩሲያዊ መኮንን አሌክሳንደር ቡላቶቪች ጎሬ ደርሶ ደጃዝማች ተሰማን አግኝቷቸዋል፤ ጉዞውንም በመጽሐፍ አሳትሟል። በዓመቱ ደግሞ ተሰማ የመሩት ሠራዊት ከደጋው ወርዶ፣ ሶባትን ተከትሎ፣ በሰኔ 1890 ነጭ ዓባይ ዳር ደረሰ። አብረው ፈረንሳውያንና ሩሲያዊው ኮሎኔል አርታሞኖቭ ነበሩ። የደጋ ወታደር የቆላውን ንዳድ አልቻለውም፤ ሠራዊቱ ወዲያው ተመለሰ። ከሳምንታት በኋላ ፈረንሳዊው ማርሻን ፋሾዳ ሲገባ የሚጠብቀው ኢትዮጵያዊ ጦር አልነበረም። እንግሊዝና ፈረንሳይ በፋሾዳ ምክንያት ጦር ሊማዘዙ በደረሱበት ዓመት፣ የጎሬው ጌታ ሠራዊት በዚያው ወንዝ ዳር አልፎ ነበር። ከዚህ ሁሉ ውስጥ በትምህርት ቤት የሚነገረው እጅግ ጥቂት ነው።

ከዚያ ወዲያ ያለው የቤተ መንግሥት ታሪክ ነው። በጥቅምት 1902 ምኒልክ በጠና ታመው ሳለ የልጅ ኢያሱ አልጋ ወራሽነት ሲታወጅ ባለሙሉ እንደራሴ ሆነው የተሾሙት ራስ ቢትወደድ ተሰማ ናቸው። በመጋቢት 1902 እቴጌ ጣይቱ ከሥልጣን ገለል ሲደረጉም የሸዋ መኳንንት ከተሰማ ጋር ቆመዋል። ተሰማ ግን ሚያዝያ 2 ቀን 1903 ሞቱ፤ ሥልጣኑን በሙሉ ከያዙ ሁለት ዓመት እንኳ አልሞላም። ሌላ እንደራሴ አልተሾመም። ኢያሱ ያለ ሞግዚት ቀረ፤ ከዚያ የሆነውን ሁሉም ያውቀዋል። ከጎሬ የተነሣ ሰው ትንሽ ቢቆይ የ1909 ነገር ሌላ መልክ ይኖረው ነበር ወይ የሚለው ክርክር አሁንም አላለቀም፤ አያልቅምም።

አሁን «ይፍረስ» ወደሚሉት እንምጣ።

ግቢውን ማን ሠራው? ተሰማ ምሰሶ አልተሸከሙም። የዚያን ዘመን ሥርዓት የሚያውቅ ሁሉ መልሱን ያውቃል፤ ገባሩ ነው። ለነፍጠኛውና ለመልከኛው የተደለደለው ገበሬ እህል ይፈጫል፣ አጥር ያጥራል፣ እንጨት ይጎትታል፣ ዕቃ ተሸክሞ የቀናት መንገድ ይሄዳል፣ ማር ያገባል። ቆሮው ከላይ የታዘዘውን ወደ ታች ያወርዳል፤ ከራሱም ድርሻ አይጎድልበትም። የጎሬ ግቢ እንደማንኛውም የዘመኑ የገዥ ግቢ በዚህ ጉልበት የቆመ ነው። እንግዲህ የሚፈርሰው የማን ሥራ ነው? ተሰማ ስማቸው በመጽሐፍ ተጽፏል፤ ቡላቶቪች ጽፎላቸዋል፣ የቤተ መንግሥት ጸሐፊዎች ጽፈውላቸዋል። የገባሩን ስም የጻፈ የለም። ለእሱ ምስክር ሆኖ የቀረው እጁ ያረፈበት ድንጋይና እንጨት ብቻ ነው። ያንን ሲያፈርሱ ጌታው ምንም አይጎድልበትም፤ ከታሪክ ፈጽሞ የሚጠፋው ገባሩ ነው።

ነገሩ ከዚህም የከፋ ነው። የበደል ማስረጃን ማጥፋት ለበዳዩ የሚደረግ ውለታ ነው። በፍርድ ቤት ከሳሽ ራሱ ማስረጃውን ቢያቃጥል ሰው ሁሉ አብዷል ይለዋል። በታሪክ ላይ ግን ይኸው ድርጊት ጀግንነት ተብሎ ይጨበጨብለታል። ከሃምሳ ዓመት በኋላ አንድ ሰው ተነሥቶ «ገባር የሚባል ነገር አልነበረም፤ ሁሉም በፍቅር ይኖር ነበር» ቢል፣ ዛሬ «ይፍረስ» የሚለው ሰው የልጅ ልጅ እጁን ወዴት ሊጠቁም ነው?

ስለ ባሪያ ንግድም እንዲሁ ነው። ከጎሬ በስተደቡብ፣ በማጂና በጊሚራ በኩል፣ እስከ ሃያኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ አሥርት ዓመታት ሰው እንደ ከብት ይነዳ ነበር። ከተሰማ በኋላ ጎሬን ካስተዳደሩት መኳንንት አንዱ ናደው አባ ወሎ ናቸው። ኢትዮጵያ በመስከረም 1916 ወደ መንግሥታት ማኅበር ስትገባ ጄኔቫ የሄደውን ልዑክ የመሩት እኚሁ ደጃዝማች ናደው ናቸው። እዚያ ኢትዮጵያ ከተጠየቀቻቸው ጥያቄዎች ትልቁ የባርነት ጉዳይ ነበር። በስሙ የሚማልበት የነጻነት ሕግ የወጣውም በዚያው ዓመት መጋቢት ላይ ነው፤ ባርነት በሕግ ጨርሶ የተሻረው ግን በነሐሴ 1934 ነው። በመካከሉ ያለውን አሥራ ስምንት ዓመት የቆጠረ ሰው የጎሬን ግቢ ተራ አሮጌ ቤት አድርጎ አያየውም።

ጋናውያን ይህን ተረድተውታል። ኤልሚናን ፖርቹጋሎች በ1482 እ.ኤ.አ. መሥራት ሲጀምሩ ለወርቅ ብለው ነበር፤ በኋላ በእነዚያ ክፍሎች የታጎሩት ሰዎች ናቸው። ጋና ነጻ ስትወጣ ማፍረስ ትችል ነበር፤ አላፈረሰችም። ከምድር ቤቱ በላይ የገዥው መኝታ ቤት እንዳለ ጎብኚ ሁሉ በዓይኑ ያያል፤ ከዚያ በላይ ንግግር አያስፈልገውም። ሴኔጋልም በስም የምትመስለንን የጎሬ ደሴት እንዲሁ ጠብቃለች፤ በዓለም ቅርስነት ከተመዘገበች ከአርባ ዓመት በላይ ሆኗታል። የእኛዋን ጎሬ ጋዜጠኛ ሁሉ ከእሷ ጋር እየቀላቀለ ይጽፋል፤ ይህ ራሱ አንድ ነገር ይናገራል።

ሚዛኑ ደግሞ እኩል አይደለም። ጂሬን ላይ የጅማው አባ ጅፋር ቤተ መንግሥት በቅርብ ዓመታት ታድሷል። መልካም ሆነ። የነቀምቴው የኩምሳ ሞረዳ ቤተ መንግሥትም ተጠግኖ ለጎብኚ ክፍት ሆኗል። ይህም መልካም። ግን አባ ጅፋር በዘመናቸው ከታወቁት የባሪያ ባለቤቶች አንዱ ነበሩ፤ የጅማ ሒርማታ ገበያም ሰው ይሸጥበት ነበር። የነቀምቴ ቤትም ለምኒልክ ገብሮ፣ በምላሹ ከራሱ ሕዝብ ግብር ሲሰበስብ የኖረ ቤት ነው። እነዚህ «የእኛ» ስለሆኑ ኃጢአታቸው በቀለም ተሸፈነ፤ የጎሬው «የእነሱ» ስለሆነ ይፍረስ ተባለ። እንዲህ ያለው ሰው ጥያቄው የገዥው ዘር እንጂ የገባሩ ጀርባ አይደለም ማለት ነው። ገባሩ ግን ሸክሙ ሲከብደው የጌታውን ዘር እየጠየቀ አልከበደውም።

«ለክብሩ ይታደስ» የሚሉትም ከዚህ አያመልጡም።

እነሱ ከሁሉ አስቀድመው የሚጠሩት 1928ን ነው። በሚያዝያ 1928 ንጉሠ ነገሥቱ ከአገር ወጡ፤ ጣልያን አዲስ አበባ ገባ። የቀረው መንግሥት ወደ ምዕራብ ሄዶ ጎሬ ላይ ቆመ። ቢትወደድ ወልደ ጻድቅ ጎሹ በመሪነት፣ ራስ እምሩ ኃይለ ሥላሴ በእንደራሴነት፣ አገሪቱ አልተያዘችም የሚል ቃል ከጎሬ ወጣ። የሆለታ ጦር ትምህርት ቤት ልጆችና የተማሩ ወጣቶች በጥቁር አንበሳ ስም ተደራጅተው፣ በሰኔ 1928 ነቀምቴ አጠገብ ቦነያ ላይ ያረፉ የጣልያን አውሮፕላኖችን አቃጠሉ፤ ጄኔራል ማሊዮኮም እዚያ ሞተ። በኋላ ከራስ እምሩ ጋር ሆኑ። ጣልያን ጎሬን የያዘው በ1929 ኅዳር ገደማ ነው። ራስ እምሩ በታኅሣሥ ጎጀብ ወንዝ ላይ ተከበው እጃቸውን ሰጡ፤ በጣልያን ፖንዛ ደሴት ታሰሩ። ይህ ሁሉ እውነት ነው፤ ሊነገርም ይገባል። ለሰባት ወር ያህል ጎሬ የነጻዪቱ ኢትዮጵያ መቀመጫ ነበረች ቢባል ሐሰት አይሆንም።

ነገር ግን በእነዚያው ወራት፣ በዚያችው ከተማ፣ ሌላ ወረቀትም ተላልፏል። የምዕራብ ኦሮሞ ባላባቶች፣ የነቀምቴው ሀብተ ማርያም ገብረ እግዚአብሔር ያሉበት፣ ተሰባስበው በመንግሥታት ማኅበር ሥር በእንግሊዝ ሞግዚትነት መተዳደር እንደሚፈልጉ ጽፈው በጎሬው የእንግሊዝ ቆንስል በካፒቴን ኤርስኪን በኩል ወደ ሎንዶን ላኩ። ሎንዶን አልተቀበለችውም። «ለክብሩ ይታደስ» የሚለው ወገን ይህን ወረቀት ሲሰማ ጆሮውን ይይዛል፤ ወይ ክህደት ነው ብሎ ያልፈዋል። ክህደት ብሎ መጥራት ቀላል ነው። ከባዱ ጥያቄ፣ አምሳ ዓመት ያህል በአንድ ግቢ ሥር ያደረ አገር ያ መንግሥት ሲሰናከል ለምን ሌላ ጌታ ፈለገ የሚለው ነው። መልሱን ሩቅ መሄድ አያስፈልግም፤ የገባሩ ሸክም ውስጥ ይገኛል። ተቃራኒው ወገን ደግሞ ያንን ወረቀት ይዞ ሲፎክር፣ ጠያቂዎቹ ራሳቸው ባላባቶች መሆናቸውን፣ የጠየቁትም ሌላ ቅኝ ገዥ መሆኑን አይናገርም። ገበሬውን የጠየቀው አልነበረም፤ ከዚህም ወገን ከዚያም።

አንድ ከተማ በአንድ ክረምት ውስጥ ሁለቱንም ወረቀት ላከ። ይህን ያህል የሚያስተምር ቦታ በአገሪቱ ውስጥ ስንት አለ? ቢታደስ ሁለቱንም አቅፎ ካልታደሰ፣ ቀለም የተቀባ ግንብ ብቻ ይሆናል።

የቤተሰቡ መጨረሻም በአንድ ወገን አይገጥምም። የተሰማ ዘመድ፣ እሳቸውን አጎታቸው የሚሉት መኮንን እንዳልካቸው፣ በምኒልክ ትምህርት ቤት ተምረው አደጉ። በ1928 ጦርነት የኢሉባቦርን ጦር ይዘው ወደ ኦጋዴን ግንባር ዘመቱ፤ ከስደት በኋላ ደግሞ በጠቅላይ ሚኒስትርነት ስም የተሾሙ የመጀመሪያው ሰው ሆነው እስከ 1950 ገደማ ቆዩ፤ ድርሰትም ይደርሱ ነበር። ልጃቸው ልጅ እንዳልካቸው መኮንን በየካቲት 1966 አብዮቱ ሲፈነዳ ጠቅላይ ሚኒስትር ተባሉ፤ በሐምሌ ተነሡ፤ ኅዳር 14 ቀን 1967 ደርግ ከገደላቸው ስልሳ ሰዎች ጋር ተገደሉ። በእሳቸው ቦታ የተሾሙት ልጅ ሚካኤል እምሩ ናቸው፤ የራስ እምሩ ልጅ። የዘውዱ የመጨረሻ ሁለት ጠቅላይ ሚኒስትሮች፣ አንዱ የጎሬን ግቢ የያዘው ሰው ዘመድ፣ ሌላው ከጎሬ የነጻነት መንግሥት የመራው ሰው ልጅ መሆናቸው ነው። የንጉሣዊው ሥርዓት ሲዘጋ በሩ ላይ የቆሙት ሁለቱም ከዚያች ዝናባማ ኮረብታ ጋር የተያያዙ ነበሩ። ይህን አጋጣሚ ነው ብሎ ማለፍ ይቻላል። ግን የኢሉባቦር ቡና ገቢ የስንት የአዲስ አበባ ቤት ምሰሶ እንደነበረ ለሚያውቅ ሰው አጋጣሚው በጣም አያስደንቅም።

ቡናን ካነሣን፣ ጎሬን ያወረዳት ከፖለቲካ ይልቅ ወንዝ ነው። በ1894 ከእንግሊዝ ጋር በተደረገው ውል ጋምቤላ ላይ የሱዳን መንግሥት የንግድ ጣቢያ ተፈቀደለት። በክረምት ባሮ ሲሞላ የእንፋሎት መርከብ ከካርቱም ይመጣል፤ የጎሬና የአካባቢዋ ቡና በበቅሎና በሰው ጫንቃ ወደዚያ ይወርዳል። ግሪኩም፣ ሶርያዊውም፣ ቆንስሉም ወደ ጎሬ የመጡት ለዚህ ነው። ሱዳን ነጻ በወጣችበት በ1948 ማግስት ጋምቤላ በ1949 ጥቅምት ወደ ኢትዮጵያ ተመለሰች፤ ንግዱ ፊቱን ወደ ጅማና ወደ አዲስ አበባ መንገድ አዞረ። የአስተዳደር መቀመጫነቱም በኋላ ወደ መቱ ተዛወረ። መቱ ዩኒቨርሲቲም፣ ሆስፒታልም፣ የዞን ቢሮም አገኘች። ጎሬ የኣሌ ወረዳ ከተማ ሆና ቀረች። በዚህ ላይ መቱን የሚወቅስ ካለ ተሳስቷል፤ ከተማ ይወጣል ይወርዳል። ግን ሹማምንቱ ሲሄዱ ታሪኩን ጭነው አልሄዱም፤ እዚያው ጥለውት ነው የሄዱት።

ሦስተኛ ወገንም አለ፤ እሱ አይከራከርም፣ ዝም ብሎ ያሳልፋል። «ለሕዝቡ ውኃና መንገድ ሳይደርስ ለአሮጌ ቤት ብር?» ይላል። ጥያቄው ቅን ሊሆን ይችላል። ነገር ግን ከያዮ የቡና ጫካ እስከ ሶር ፏፏቴ ድረስ አካባቢው ቱሪስት ይጠብቃል፤ በዓመት በዓመቱ የሚሰማውም «ያልተነካ እምቅ ሀብት» የሚል ሪፖርት ነው። ያልተነካው ሀብት በዝናብ እየተነካ ነው። የቅርስ ጥናትና አጠባበቅ አዋጅ ቁጥር 209/1992 ቅርስን ያለ ፈቃድ ማፍረስና መለወጥ ይከለክላል፤ ቅርሱን በእጁ የያዘ ሰውም ሆነ መሥሪያ ቤት እንዲጠብቀው ያስገድዳል። አዋጁ «የነፍጠኛ ከሆነ ግን ይፍረስ» የሚል አንቀጽ የለውም፤ «የጀግና ከሆነ ብቻ ይጠበቅ» የሚልም የለውም።

ስለዚህ የመጀመሪያው ሥራ ሲሚንቶ መግዛት አይደለም። ከግቢው የቀረው፣ ከአሮጌው የቆንስላ ዘመን ቤቶችም የተረፈው፣ ሳይነካ ይለካ፣ ፎቶ ይነሣ፣ ይመዝገብ። ባለሙያ የሌለበት እድሳት ከዝናቡ ይልቅ ያጠፋል፤ ስንት ጥንታዊ ቤተ ክርስቲያን በቆርቆሮና በዘይት ቀለም «ታድሶ» ታሪኩ እንደጠፋ ማንም ያውቃል። ሁለተኛው ሥራ ከሰው አፍ ነው። የገባሮቹ ልጆች አብዛኞቹ ሄደዋል፤ የልጅ ልጆቻቸው ግን በጎሬ፣ በቡሬ፣ በመቱና በበደሌ ዙሪያ አሉ። አያታቸው ስንት ቀን እንደሠራ፣ ለማን እንደፈጨ፣ የማንን ዕቃ እስከ ጋምቤላ እንደተሸከመ በአፋን ኦሮሞ ይነግራሉ። የነፍጠኞቹ የልጅ ልጆችም እዚያው አሉ፤ ብዙዎቹ ተጋብተው ተዋልደዋል፤ እነሱም የሚያውቁት አላቸው። ከማጂና ከጊሚራ ተነድተው መጥተው እዚያው የቀሩት ሰዎች ዘሮችም አሉ፤ እነሱን ለመጠየቅ ብዙ ጥንቃቄ ያስፈልጋል፤ ስድቡ ገና አልሞተምና።

ከዚያ በግቢው ውስጥ የሚሰቀለው ጽሑፍ በተሰማ አይጀምር። በአባ ቦር ይጀምር። ተሰማ በሁለተኛው ግድግዳ ይምጡ፤ ነጭ ዓባይም፣ እንደራሴነቱም ይጻፍላቸው፤ አጠገቡ የገባሩ ዝርዝር ሥራ ይጻፍ። የ1928ቱ ሁለት ወረቀቶች ጎን ለጎን ይሰቀሉ፤ ማን ከማን በላይ ይሁን የሚለውን ጎብኚው ቆሞ ይከራከርበት። በአማርኛም በአፋን ኦሮሞም ይጻፍ። የዞኑ ባለሥልጣን ይህን ለመጀመር ከመቱ ጎሬ የአንድ ሰዓት መንገድ እንኳ አይፈጅበትም፤ ዝናቡም እዚያ ከመጋቢት ጀምሮ ነው የሚይዘው።